በደረቁ ቦይ ዳር፣ ከቅሳነት ጋር

ቅዳሜ፣ ጁን 7

ዛሬ ሊያሳፍረን የቆመ ሰው ብዛት፦ አራት። ሁሉም ሐበሻ። ሁሉም ቶዮታ።

እኔና ቅሳነት የያዝነው የእግር መንገድ ሃይላይን ካናል ይባላል። ከተራራው ሥር ይነሳና ሴንቴኒያልን፣ ዴንቨርን፣ ኦሮራን አቆራርጦ ሰባ አንድ ማይል ይሄዳል። በየቅዳሜው ስምንት ዘጠኝ ማይል እየቆረስን በዚህ ሰመር እንጨርሰዋለን ብለናል። ቅሳነት መጀመሪያ የፈለገችው የባሕር ዳር መንገድ ነበር፣ ቪዲዮ አይታ። ኮሎራዶ ውስጥ ባሕር የለም። ቦይ አለን። እሱም ደረቅ ነው።

ችግሩ መንገዱ አስፋልት ባቋረጠ ቁጥር ነው። ከዛፍ ዛፍ ስንሄድ ሰላም። መብራት ጋ ስንደርስ... ጡሩምባ። መስኮት ይወርዳል። "ልጆች፣ ምን ሆናችሁ? መኪናችሁ ተበላሸ?" ለነሱ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ መኪናው ተበላሽቷል፣ ወይ ከቤት ተባሯል። ጋሽ ውድነህማ የባሱ ናቸው። የአባዬ ጓደኛ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ የነዱ፣ አሁን ኡበር። ቢቻል ከሳሎን ወደ ኩሽናም በመኪና ነበር የሚሄዱት።

"ግቡ ግቡ፣ በነፃ ነው።"

"ጋሽ ውድነህ፣ ስፖርት ነው።"

"ካደረስኳችሁ በኋላ ትሠሩታላችሁ።"

ሕጋችን አንድ ነው፦ እያንዳንዷን ማይል፣ ሁለታችንም፣ አብረን፣ በእግራችን። ዛሬ 24 ሞላን።

(በአማርኛ የምጽፈው ወንድሜ አዶኒያስ እንዳያነበው ነው። እዚህ ተወልዶ "ሀ"ን የተገለበጠ ወንበር ነው ይላል።)

ቅዳሜ፣ ጁን 14

32። ሙቀቱ ዘጠና ሦስት ፋራናይት።

ማታ እማዬ ስልክ ተደወለላት። እትዬ አፀደ። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ወሬ ማይክሮፎኑ ጋ ሳይደርስ እሳቸው ጋ ይደርሳል። "ልጅሽ በእግሯ ስትንከራተት ታየች" አሏት። ታየች! እንደ ጠፋ ጥጃ።

"ሰው መኪና የላቸውም ይለናል" አለች እማዬ።

"እማ፣ ሁለት አለን።"

"እኮ! ማን ያይልሻል?"

ቅሳነት ዛሬ ዝም ብላ ነው የዋለችው። "ምን ሆንሽ?" "ምንም።" ሁለቴ ጠየቅኳት። ሁለቴ ምንም።

እሑድ፣ ጁን 22



ትናንት አልሄድንም። "የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ" ብላ ቴክስት አደረገች። እሺ አልኩ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ አፀደ አዳራሹ በር ላይ ጉንጬን ያዙኝ።

"ውይ የኔ ልጅ፣ ቅሳነት ስትሄድ ምን ልትሆኚ ነው? መንታ እኮ ነበር የምትመስሉት።"

"የት ነው የምትሄደው?"

"ሲያትል ነዋ! አጎቷ ሱቅ ከፍቶ አባቷን አብረን እንሥራ ብሏቸው የለ። ኦገስት ሁለት ዕቃ ጭነው ይሄዳሉ። ትናንት ቤት ሊያዩ ሄደው የለም እንዴ? አልነገረችሽም?"

"ነግራኛለች" አልኩ። ዋሸሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። ኃጢአቱ የቅሳነት ይሁን።

ስድስት ዓመት ጓደኛዬ ናት። ከኦሮራ ሕዝብ ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ... ምናልባት ውሾቹም ያውቃሉ።

ሲያትል ደግሞ ባሕር አለ።

ሰኞ፣ ጁን 23

ልጠይቃት? አልጠይቃትም። ራሷ ትናገር። ቅዳሜ አሥር ማይል አለን። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር አይበቃትም?

ቅዳሜ፣ ጁን 28

አልበቃትም።

በር ከፍቼላት ነበር እኮ። "ኦገስት ላይ የት እንደርስ ይሆን?" "እንጃ።" "ኦገስት ሁለት ቅዳሜ ነው፣ ታውቂያለሽ?" "እህ።" እህ! ከዚያ ወዲያ እኔም አፌን ዘጋሁ። ለስምንት ማይል ጠጠር ብቻ ነበር የሚያወራው።

40 ላይ መንገዱ አስፋልት ያቋርጣል። ቅሳነት ማነከስ ጀምራ ነበር፣ ተረከዟ ተልጦ። ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጋሽ ውድነህ።

ገባች። የኋላ በር ከፍታ፣ ቁጭ።

"ውረጂ!" አልኳት።

"ሔቨን፣ እግሬ ደምቷል።"

"ሁለት ማይል ነው የቀረን! ውረጂ አልኩሽ! ሕግ አውጥተን የለ?"

"ስለ ሁለት ማይል ነው እንደዚህ የምትጮኺብኝ?"

ስለ ሁለት ማይል አልነበረም። ግን ሲያትልን አላነሳሁም። ጋሽ ውድነህ በመስታወት እያዩን፦ "ጠቡን ቀጥሉ፣ በሩን ግን ዝጉት። ኤሲ ነው።"

ዘጋሁት። ጎረቤት ከተማ እስኪሰማ ዘጋሁት። እስከ 42 ብቻዬን ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5

ሳምንት ሙሉ ቴክስት የለም። ከእሷም፣ ከኔም።

በአውቶቡስ ሄጄ 42 ላይ ወረድኩና ብቻዬን ቀጠልኩ። እስከ 50። ስምንት ማይል፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ። ማን ያስፈልገኛል? ማንም። እንዲያውም ብቻዬን ፈጣን ነኝ።

አንዲት የእንጨት ድልድይ አለች። እሷን እንዳለፍኩ ቧንቧ አገኘሁ። ውሃው ጥርስ ያደነዝዛል። ጠጥቼ "ነይ ቅመሺው" ልል ዞር አልኩ።

የባሰ ተናደድኩ።

ለማንም አልነገርኩም። ዕዳ የለብኝም።

እሑድ፣ ጁላይ 13

ሽማግሌ ተቀመጠብን።

የምር። ቀልድ አይደለም። ትናንትም ቅዳሜው ባዶውን ሲያልፍ እናቶች ስልክ ተደዋወሉ፣ ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ ችሎት ተከፈተ። አሥራ ስድስት ዓመታችን ነው! ባልና ሚስት ሲፋቱ የሚቀመጡ ሰዎች ለሁለት ማይል ተቀመጡ። ጋሽ ውድነህ መሃል፣ እትዬ አፀደ ጎን። አባዬና የቅሳነት አባት ጋሽ ገብረሂወት እንደ ሁለት አገር አምባሳደር ትይዩ።

ጋሽ ውድነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጠቡ የተነሳው እኔ መኪና ውስጥ ነው። ስለዚህ እኔ ዳኛም ተከሳሽም ነኝ።"

"እንዴት ሁለቱንም?" አለ አባዬ።

"ኪዳኔ፣ በእሑድ ቀን ሌላ ማን ይመጣልሃል?"

ምርመራው ቀጠለ። እትዬ አፀደ ናቸው መርማሪዋ። "ሔቨን፣ እግሯ የደማ ልጅ ውረጂ ትባላለች?" "አትባልም።" "ቅሳነት፣ ጓደኛን ፀሐይ ላይ ጥሎ ኤሲ ውስጥ ይገባል?" "አይገባም።" "አያችሁ!" ምኑን ነው የምናየው?

ሲያትል የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። በር ላይ ጉንጬን ይዘው የነገሩኝ ራሳቸው እትዬ አፀደ እኮ ናቸው! አፋቸው ውስጥ ያለውን ትተው የመኪና በር ይመረምራሉ። ቅሳነትን አየኋት። አየችኝ። ሁለታችንም ወለል አየን።

ፍርድ፦ ጋሽ ውድነህ ከእንግዲህ እኛን ሊያሳፍሩ እንዳይቆሙ። ራሳቸው ላይ ፈረዱ፣ ራሳቸው አዘኑ። እኛ ደግሞ "ይቅር ለእግዚአብሔር" በሉ ተባልን። አልን። ተሳሳሙ። ተሳሳምን። ጉንጯ ጨው ጨው አለኝ። ምርቃቱ "ልጅ ለልጅ ያገናኛችሁ" የሚለው ላይ ሲደርስ የጋሽ ውድነህ ስልክ ጮኸ። ኡበሩን አላጠፉትም። "አሜን በሉ፣ ኤርፖርት ነው" ብለው ወጡ።

ያልተጣላንበትን አስታርቀውን ተበተኑ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19

ከ40 ጀመርን፣ ከጣለችው ቦታ። ለኔ ሁለተኛዬ ነው። አልነገርኳትም። "ቀጥሎ ምን እንዳለ እንጃ" አልኩ። እንዲያውም አንድ ዛፍ ሳይ "ዋው" አልኩ። ዋው!

44 አካባቢ እሷ ራሷ ጀመረች።

"እንደምታውቂ አውቃለሁ። እትዬ አፀደ ለእማዬ 'ልጅቷ ፊቷ ተለወጠ' ብለዋታል።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?"

"በየማይሉ ልታለቅሺ። ወይ ልትጮኺ።"

"ጮህኩ እኮ!"

"አየሽ?"

ልስቅ ነበር። የምር ልስቅ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ አፌ የከዳኝ፦ "ድልድዩን እንለፍና ውሃ እንጠጣ፣ ጥርስ ያደነዝዛል።"

ድልድዩ ገና አይታይም ነበር።

ቆመች። "እንዴት አወቅሽ?"

የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

"ሔቨን። መጥተሽ ነበር?"

"ጁላይ አምስት።"

"ብቻሽን?"

"ተናድጄ ነበር።"

"እስከ የት?"

"ሃምሳ።"

ብትጮህ ይሻል ነበር። በቀስታ ነው ያለችው፦ "እግሬ ደምቶ እንኳ ውረጂ ያልሽኝ ልጅ ነሽ። አብረን ነው ያልሽው አንቺ። እና ጠዋቱን ሙሉ ዋው እያልሽ አክት ታደርጊብኛለሽ?"

አዎ። ታዲያ ምን ልበል?

ድልድዩ ጋ ደረስን። ዘጠና አምስት ዲግሪ። ውሃውን አልጠጣችም። ሃያ እርምጃ ቀድማኝ እስከ 50 ሄደች፣ እኔ ጀርባዋን እያየሁ። ቦርሳዋ ላይ ያለውን ዚፐር ሁሉ ቆጥሬዋለሁ።

ለዚህኛው ሽማግሌ አይላክም። የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

ሐሙስ ቴክስት መጣ፦ "ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት። ውሃሽን ያዢ።" በቃ። የልብ ኢሞጂ የለው፣ የፊት የለው።

አሥራ ሁለት ማይል ሄድን። እስከ ዛሬ ረጅሙ። መጀመሪያ በዝምታ። ሃቫና ስትሪትን ልናቋርጥ ስንል ቀይ መብራት ላይ ማን አለ? ጋሽ ውድነህ። እጃቸው መሪው ላይ፣ አንገታቸው ቀጥ፣ መንጃ ፈቃድ እንደሚፈተን ሰው። ወደኛ አላዩም። ከዚያ መስኮቷ በቀስታ ወረደች፦

"አልቆምኩም! መብራቱ ነው ያቆመኝ! ምስክር ሁኑ!"

ሁለት ሙዝ ወረወሩልንና መብራቱ ለቀቃቸው። ቅሳነት አጥሩን ይዛ ሳቀች። እኔም። ሳቁ ያለቀው ሁለታችንም ጋ እኩል ነው።

62 ላይ የማይሉ ምልክት ሥር ተቀመጥን።

"ዘጠኝ ቀረ" አለች።

"ነገ?"

"ዕቃ እናሽጋለን።"

"በሳምንቱ መሃል?"

"አባዬ ቁልፍ ያስረክባል። ጽዳት አለ። አይሆንም።"

ጁላይ አምስት ነበረን። ጁላይ አሥራ ሁለትም ነበረን። እሷ አላለችኝም። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ጮክ ብዬ።

"አዎ" አለች። አዎ ብቻ።

አጽናኚኝ እንጂ! "ግድ የለም" በዪኝ እንጂ! አላለችም። ግድ ስላለው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2

ሄዱ። አባዬ ሶፋ ሲያነሳ ወገቡን ያዘው። ጋሽ ገብረሂወት ፍራሹን አሥር ጊዜ አስረው አሥር ጊዜ ፈቱት።

ቅሳነት አቀፈችኝ። ጆሮዬ ሥር፦ "ጨርሺው። ብቻሽን መሄድ ትወጂ የለ?"

ቀልዷን ነው? አይመስለኝም። እስካሁን እየነደደኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

ኦሮራ ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ዘጠኝ ማይል እንደቀረኝ ያውቃል። ሁሉም አስተያየት አለው።

አባዬ ወገቡ ላይ በረዶ ይዞ፦ "ጀምሮ መተው እኛ ቤት የለም።" እኛ ቤት ጋራዥ ውስጥ ግማሽ መደርደሪያ አለ። የሪል ስቴት ፈቃድ መጽሐፍ አለ፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ የታጠፈ። አላነሳሁበትም። እሺ፣ አነሳሁበት።

ጋሽ ውድነህ ነጭ ስኒከር ገዝተው መጡ። የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም። "እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ። ዘጠኝ ማይል አሥር ደቂቃ ናት።"

"በእግር እኮ ነው፣ ጋሽ ውድነህ።"

"ገብቶኛል። እያሰብኩበት ነው።"

ከልባቸው ነበር። ጫማቸውን ጥብቅ አድርገው አስረው። አመሰገንኳቸው፣ አልሄድም አልኩ። "ለምን?" አሉኝ ሁሉም። ለነሱ ማስረዳት አልቻልኩም። ክፍሌ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁና ደወልኩላት። ሰላም አላልኩም።

"አልጨርሰውም!"

"ማነው? ሔቨን? ለምን?"

"ስለተናደድኩብሽ! ጁን ላይ ልትነግሪኝ ይገባ ነበር! ከእትዬ አፀደ ነው የሰማሁት፣ ከእትዬ አፀደ!"

"ሰምተሽስ ለምን አልጠየቅሽኝም? በር ከምትሰብሪ!"

"ብቻሽን መሄድ ትወጂ የለ ያልሽኝስ?"

"አልሄድሽም እንዴ ታዲያ? ስምንት ማይል ሄደሽ ዋው አላልሽም?"

"አጥፍቻለሁ! በቃ፣ አጥፍቻለሁ!"

"እኔም!" ብላ ጮኸች። ከኋላዋ እናቷ "ኧረ ምን ሆናችሁ፣ ሽማግሌ እዚህም ልፈልግ?" ሲሉ ሰማሁ።

ከወዲያ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

"ዘጠኙስ?" አለች።

"አልነካውም። ስትመጪ።"

"ኖቬምበር ለታንክስጊቪንግ ብንመጣ በረዶ ይሆናል።"

"ይሁን።"

"ተረከዜ አሁንም አልዳነም" አለች። ዘጋች።

ሰላም ሆንን እንዴ? አላውቅም። እኔ እንደሆንኩ አሁንም ተናድጃለሁ። ያንን ልጽፍ ነበር ደብተሩን ያወጣሁት... ግን ምን እጽፋለሁ? ሁሉንም ለራሷ ለቅሳነት ነገርኳት።