ገመዱ ሁለት ጊዜ ተስቦ ነበር

ለተከበሩ የከተማው የዛፎች እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ ከሕመም የራቀ፣ ወንበርዎ እንደ ሁልጊዜው የተመቸዎት፣ ከመስኮትዎ ፊት ያለው ዛፍም ጥላውን በሰዓቱ የሚያደርስልዎት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የዚያን ዛፍ ደረቅ ቅርንጫፎች ያነሣንልዎት እኔና ጓደኛዬ ስለነበርን፣ ጥላው እንደተስማማዎት መስማት ዛሬም ደስ ይለኛል። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ ሲጻፍ የሚባል ነገር ስለሆነ ብዬዋለሁ እንጂ ደህና አይደለሁም።

ብዙ ሠራተኛ ስላለዎት ሳያስታውሱኝ ቢቀሩ አልቀየምም። በጽሕፈት ቤትዎ ዛፍ ላይ እየወጡ ከሚገርዙት ሁለት ሴቶች አንዷ ነኝ። «ሁለት» ያልኩት ምላሴ ስለለመደ ነው፤ ሌላዋ በቅርቡ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ዛፍ ወድቃ የሞተችው ባልደረባዬ ናት። ለቀብሯ የአበባ ጉንጉን ልከው ነበር፤ እግዜር ይስጥልን፣ ከመጡት ጉንጉኖች ሁሉ የእርስዎ ይበልጥ ነበር። እኛ የሥራ ጓደኞቿ «እንቁላል» ነበር የምንላት። ስሙ የወጣላት እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ከሚለው ተረት ነው። አንድን ቅርንጫፍ ከመርገጧ በፊት ገበያ ላይ ሽንኩርት እንደምትመርጥ ሴት እያገላበጠች ታየዋለች፤ ግንዱን በጣቷ እያንኳኳች ጆሮዋን ትለጥፍበታለች፤ እኔ ከታች አንገቴ እስኪደክም አንጋጥጬ «ዛሬ ነው ወይስ ነገ?» ስላት፣ ከላይ ሆና «ዛፉ የት ይሄድብኛል?» ትለኛለች። ስሙን ስናወጣላት ሳቅን እንጂ እንቁላል ከከፍታ ላይ ምን እንደሚሆን አላሰብንም ነበር።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው ጽሕፈት ቤትዎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በለጠፈው የምርመራ ውጤት «በችኮላ፣ ምልክት ሳትሰጥ ማሰሪያዋን በመፍታቷ ለሞት ተዳርጋለች» ያላት። ቆሜ አነበብኩት፤ ስለ ማን እንደሚያወራ ለማወቅ ደግሜ ከላይ ጀመርኩት። ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳው ይነሣ፣ በእሱ ፋንታም የሆነው ነገር ይጻፍ። ለማን ብዬ እንደምለምን ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ። ከዚያ በፊት የሚገባዎትን ምስጋና ማቅረብ ግዴታዬ ነው።

ምስጋናዬ እንዲገባዎት ደግሞ ስለ ሥራችን ጥቂት ላስረዳ፤ ያለብዎት የስብሰባ ብዛት ወርደው እንዲያዩት እንዳልፈቀደልዎት አውቃለሁ። አንዳችን ስንወጣ አንዳችን ከታች እንቀራለን። ገመዱ ከላይ በጠንካራ ባላ ላይ ያልፍና አንዱ ጫፉ ከወጪዋ ቀበቶ ጋር ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ ከታች ባለችው እጅ ውስጥ ነው። ወጪዋ በተጨማሪ ግንዱን አቅፎ የሚይዛት አጭር ማሰሪያ አላት፤ ቅርንጫፍ ሲያጋጥማት ግን ማሰሪያውን ፈትታ ከቅርንጫፉ በላይ መልሳ ማሰር ይኖርባታል። በዚያች ቅጽበት ከታች ካለችው ሴት እጅ በቀር የሚይዛት ነገር የለም። ስለዚህ ከመፍታቷ በፊት ገመዱን ሁለት ጊዜ ትስበዋለች። ከታች ያለችው የላላውን ሰብስባ፣ ገመዱን በወገቧ ዙሪያ አዙራ፣ ተረከዟን መሬት ውስጥ ተክላ ስታበቃ አንድ ጊዜ መልሳ ትስባለች፤ «ይዤሻለሁ» ማለቷ ነው። በመጋዝና በመኪና ጩኸት መካከል ጉሮሮ ስለማያዋጣ ይህን ምልክት እኔና እሷ ለራሳችን ያወጣነው ነው፤ የትም አልተጻፈም፣ ከሁለታችን በቀር የሚያውቀውም አልነበረም።

አሁን ወደ ምስጋናው ልለፍ። ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለው ጉዳይ እንደማያነብ ስለማውቅ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩ኛ፣ ለሴት ሠራተኞች ስላዘጋጁት የምስጋና ዝግጅት አመሰግናለሁ። በዚያን ቀን እንቁላል ዛፉ ወገብ ላይ ደርሳ እኔ ገመዱን ይዤ ሳለሁ ፎርማናችን በመኪና መጥቶ፣ ለእርስዎ አበባ የምታበረክት ሴት ከነሥራ ልብሷ እንደምትፈለግ ነገረኝ። ገመድ ይዣለሁ አልኩት። በስልክ ወደ ቢሮ ደውሎ ሲጠይቅ የተሰጠውን መልስ እኔም ሰማሁት፤ «ገመድ መያዝ ደግሞ ምን ሥራ አለው? ማንም ይይዘዋል» የሚል ነበር። በዚህ ምክንያት ከጓደኛዬ ጋር ጮኸን ተነጋገርን፤ እኔ እስክመለስ ባላው ላይ ተቀምጣ፣ ማሰሪያዋን ሳትነካ ልትጠብቀኝ ተስማማን። «ሂጂ ተመስገኚ፣ እኔ እዚህ ነፋስ እቀበላለሁ» ብላ ሳቀች። አዳራሹ ስደርስ የእኔ ቱታ ቆሽሿል ተብሎ ሥራ አይቶ የማያውቅ አዲስ ቱታ አለበሱኝ፤ ከመጋረጃ ጀርባ አበባ አቅፌ ንግግርዎን አደመጥኩ። ረጅምና ያማረ ንግግር ነበር። ሊያበቃ ነው ስል ሌላ ገጽ ይገልጡ ነበር። «ሴቶቻችን ከፍ ብለዋል» ባሉ ጊዜ አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም ከፍ ብላ የምትጠብቀኝን እያሰብኩ በአበባው ሥር እጄን አፍተለትል ነበር።

፪ኛ፣ ከቢሮ «ማንም» የተባለውን ሰው ፎርማኑ ሳይቸገር ስላገኘው አመሰግናለሁ። የትምህርት ቤቱን በር የሚጠብቁት አባባ ናቸው፤ እስከ ዛሬ በክፉ ስማቸው ተነሥቶ አያውቅም፣ እኔም አላነሣም። ፎርማኑ ይዞኝ ከመሄዱ በፊት «አባባ፣ ገመዱን አደራ» ብሏቸው ነበር። ሰዓቱ ሲረዝም፣ የሚያልፍ ሰው እንዳይጠልፈው ብለው መሬት ላይ የተዘረጋውን ገመድ አንሥተው መጠቅለል ጀመሩ። ከላይ ያለችው ገመዱ ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር ከእግሯ በታች የሚታያት የለም፤ እንደ ልማዷም ገመዱን ሁለት ጊዜ ስባ ጠየቀች። አባባ ሁልጊዜ ከበራቸው ሆነው ሲያዩን የከረሙ ሰው ናቸው፤ ሁለት ሲሳብ አንድ እንደሚመለስ አይተዋል። ሰላምታ መስሏቸው ነበር። አክብረው አንድ ጊዜ መልሰው ሳቡላት። ያንን መልስ በዓለም ላይ የሚያውቁ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ ራሷ ስለሆነች ሌላዋ ተመልሳ መጥታለች ብላ አመነች። ይዤሻለሁ ያልኳት መሰላት፤ ማሰሪያዋንም ፈታች።

አባባ ይህን ሁሉ ለመርማሪ ኮሚቴዎ እያለቀሱ ተናግረዋል። «እነዚህ ልጆች እንዴት ይዋደዳሉ እያልኩ ነበር የማያቸው» ብለዋል። ኮሚቴው ግን የተጠየቁትን ብቻ እንዲመልሱ አሳስቧቸው፣ ሟች ድምፅ አሰምታ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ የሚዋሹ ሰው አይደሉምና አላሰማችም አሉ። «ምልክት ሳትሰጥ» የተባለው ከዚህ ነው የመጣው። በዚህ ቅልጥፍናው ኮሚቴውን ማመስገን ይገባል፤ የሰውን እንባ ከቃሉ ለይቶ፣ ቃሉንም ከትርጉሙ ለይቶ መጻፍ ትልቅ ችሎታ ነው።

፫ኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ አቋሙን እንደ ወቅቱ የሚያስተካክል በመሆኑ አመሰግናለሁ። ይህችው ሴት በሕይወት ሳለች ከዚሁ ጽሕፈት ቤት፣ በዚሁ ማኅተም፣ ሥራ ታጓትታለች፣ ከመጠን በላይ ዝግተኛ ናት የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቷት ነበር። ከት ብላ ስቃ የመጋዟን ጥርስ ጠቀለለችበት። እርግጥ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ነገር ግን ንግግርዎ እስኪያልቅ ዛፍ ላይ ተቀምጣ የጠበቀች ሴት ችኩል ከተባለች ከእንግዲህ ታጋሽ የምንለው ማንን እንደሆነ ቢያስተምሩን መልካም ነው። በቁሟ ዘገየች፣ ሞታ ቸኮለች። ከአዳራሹ ተመልሼ አስከሬኗን ከአስፋልቱ ላይ ሳነሣ እንኳ የቀበቶዋ መቆለፊያ እንዳስተማረችኝ በሥርዓቱ ተቆልፎ ነበር፤ የቸኮለ ሰው እንዲያ አይቆልፍም።

፬ኛ፣ ስለ ርኅራኄዎ። በዚያው ወረቀት ግርጌ ዛፉ «አደገኛ» ተብሎ እንዲቆረጥ፣ ሴቶችም ለደኅንነታቸው ሲባል ከእንግዲህ ዛፍ ላይ እንዳይወጡ ተወስኗል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እርስዎን በመሰለ ትልቅ ሰው ላይ የሚተረት ስላልሆነ አልተርትም። ዛፉን ሄጄ እንደሷ አንኳኩቼዋለሁ፤ ጤነኛ ነው፣ እሷ የረገጠችው ቅርንጫፍም አልተሰበረም። ማንም ያልያዘው ገመድ ስለሆነ የጣላት፣ ጥፋቱ የቁመት ሳይሆን የእጅ ነው። እኔን ወደ ችግኝ ማጠጣት አዛውረውኛል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ችግኝ ከጉልበቴ አያልፍም፣ አንገቴም ማንጋጠጥ አቁሟል። ገመድ ያደነደነው መዳፌ ግን በውሃው እየለሰለሰ መጥቷል፤ ያ ደግሞ በላዬ ላይ ከእሷ የቀረኝ የመጨረሻ ነገር ስለሆነ፣ ማታ ማታ እጄን እያየሁ አለቅሳለሁ።

ቁጥሩ እዚህ ላይ ያብቃ፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚሰጠው አይደለም።

ጓደኛዬ እናት አላት። ክንዳቸውን ስለሚያማቸው ጸጉራቸውን የምታጥባቸው እሷ ነበረች። በዚያን ቀን ጠዋት ከቤት ስትወጣ «ዛሬ እንኳ ቶሎ ነይ፣ ራሴን ታጥቢኛለሽ» ብለዋት ነበር። ይህ ማንኛዋም እናት የምትለው ነገር ነው፤ ልጅቷም «እሺ» ብላ እንደ ወትሮዋ ረስታዋለች ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም ያን ዕለት ሁሉ ስለ ቤት አንድም ነገር አላነሣችልኝም። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ግን አንድ ጎረቤት በስልክ ፎቶ አንሥታ ሄዳ አነበበችላቸው። ከዚያ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ልጄ፣ የቸኮለችው እኔ ቶሎ ነይ ስላልኳት ነው?» ይሉኛል። እኔም ስለ ሁለቱ መሳብና ስለ አንዱ መልስ ከመጀመሪያው አንሥቼ እነግራቸዋለሁ። አባባም አጠገባቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ እውነቷን ነው ይላሉ፤ የበሩን ሥራ ትተዋል፣ አሁን የሚውሉት እዚያ ቤት ነው። እናቷ ግን ሁለታችንንም በትዕግሥት ሰምተው፣ ለአባባ ውሃ ይቀዱላቸውና «እናንተ እኔን ለማጽናናት ነው፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዴት ይዋሻል?» ይላሉ። ጸጉራቸውን ማንም እንዲያጥብላቸው አይፈቅዱም። እኔ ልጠብዎት ብያቸው ነበር፤ «ግድ የለም፣ አይቸኩልም» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሙት ወቃሽ አትሁን የሚለውን አበው የተናገሩት ሙት ስለማትመልስ ብቻ አይመስለኝም፤ ወቀሳው ከሙቷ አልፎ በሕይወት ያለችውን ስለሚያገኝ ጭምር ነው። እኔ ካሳ አልጠየቅኩም፣ ማንም ከወንበሩ እንዲነሣ አልጠየቅኩም፣ ስለ ረጅሙ ንግግርዎም ይቅርታ አልጠየቅኩም። የእኔ ቃል ለአንዲት እናት አልበቃም፤ የሽማግሌው እንባም አልበቃም። በዚያች ቤት የሚታመነው የእርስዎ ማኅተም ብቻ ስለሆነ፣ «ሟች አልቸኮለችም፤ ገመዱን ሁለት ጊዜ ስባለች» የሚል አንድ መስመር ጽፈው እንዲያትሙልኝ፣ ወስጄ ላነብላቸው፣ በትሕትና እለምናለሁ። ከዚያ በኋላ ምናልባት ውሃ አሙቂልኝ ይሉኛል።

ለሰጡን ክብር፣ ላዘኑልን ሐዘንና ለላኩት ጉንጉን ወሰን የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ረጅም ዕድሜና በወደቁ ጊዜ የሚይዝዎት እጅ እንዳያጡ የምመኝልዎት፣

ታዛዥዎ፣
የቀድሞ ገመድ ያዥ፣ የአሁን ችግኝ አጠጪ።

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ በዝግጅቱ ላይ አበባ ሳበረክትልዎት የተነሣነው ፎቶግራፍ በትልቁ ተሠርቶ በቢሮዎ መተላለፊያ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ሴት ሠራተኞቻችን በሥራ ላይ» ተብሎ ተጽፎበታል። ፎቶውን ቢተዉት ግድ የለኝም፤ ጽሑፉን ግን እባክዎ ያርሙልኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ አልነበርኩም፤ ሥራ ላይ የነበረችው እኔን እየጠበቀች የነበረችው ናት።