የአዴ ሻምሲያ ዛጎል

ሰኞ

አማቴ ገና ነጠላቸውን ሳያወርዱ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። "ይሄን ማን ሰቀለው?"

እኔ ነኝ። ቆዳ ነው፤ ዛጎል በሦስት ረድፍ ተሰፍቶበታል፣ ከሥሩ ሰማያዊ ጨሌ ተንጠልጥሏል፣ መሐሉ ላይ ጣት የምታህል ድፍን ኪስ አለች። ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው አዴ ሻምሲያ አራስ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ያመጡልኝ ነው። "ለኢጃ ነማ፣ ለሰው ዓይን" ብለውኝ ነበር። እኔ ስላማረኝ ከባለቤቴ ፎቶግራፍ አጠገብ ሰቀልኩት። ጎባ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። እኛ ክታብ እንላለን፣ እነሱ ሂርዝ፤ የምንፈራው ያንኑ ዓይን ነው።

"ሕፃን ካለበት ቤት የሰው እጅ ሥራ!" አሉ አማቴ። ስቄ አለፍኩ።

ማክሰኞ

ልጁ ጡት እምቢ አለ። ሰውነቱ እሳት ነው። ገና ሳስተኛው ይጮኻል።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰው ሁሉ "ሲያምር!" ሲል አዴ ሻምሲያ ዝም ይላሉ። ትክ ብለው ያዩትና ፊታቸውን ያዞራሉ። ለምን?

"ቡዳ በአፉ አይደለም፣ በዓይኑ ነው" አሉ አማቴ። አላመንኳቸውም። ግን አዴ ሻምሲያ ከሱቃቸው በር "አከም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሲጠይቁኝ ልጁን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ስሸፍነው አይተውኛል።

ረቡዕ

ኪሷን በምላጭ ቀደድኳት። ጽሑፍ ነበር የጠበቅኩት።

የሕፃን ፀጉር! በክር የታሰረ። የልጄ ይሆን? መቼ ቆረጡት?

አማቴ ከእጄ ነጥቀው ወጡና የሱቁ በር ላይ ወረወሩት። መንገደኛው ቆመ። አዴ ሻምሲያ ጎንበስ ብለው የተበተነውን ዛጎል አንድ በአንድ ለቀሙ።

ባለቤቴ ከጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ለምሳ ሲመጣ ሰማ። ልጁን አቅፎ ወደ ሐኪም ቤት ወጣ፤ ተከተልኩት።

ጆሮው ነው። መግል ይዟል። መርፌ ወጉት።

ዓርብ

ጠባ! ሁለቱንም ጡት!

አማቴ ያዳነው መርፌው አይደለም፣ ያ ነገር ከቤት መውጣቱ ነው ይላሉ። እኔም ለጥቂት ጊዜ እንደሳቸው አሰብኩ። ፀጉሩ የማን ነው?

ቅዳሜ

ሄድኩ። አዴ ሻምሲያ ጨው እየሰፈሩ ነበር። ይቅርታ ሳልል ቀደሙኝ።

"ልጁስ?"

"ጠባ።"

"አልሐምዱሊላህ።"

ፀጉሩ የልጃቸው የጀማል ነው። ከሱ በፊት ሁለት ቀብረዋል። እሱ ሲወለድ እናታቸው ያንን ሰፍተው ሰቀሉለት፤ አደገ። ዛሬ ጎሮ ላይ ባለትዳር ነው።

"የተረፈልኝን ልጅ የጠበቀልኝን ነው የሰጠሁሽ" አሉኝ። ልጄን ሲያዩ ለምን ዝም እንደሚሉም ጠየቅኳቸው። "እነዚያን ሁለቱን ሰው ሁሉ 'ሲያምሩ' ይላቸው ነበር።"

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አነሱኝ። እንዲመልሱልኝ ለመንኩ።

"መሬት የነካ አይሰቀልም። አዲስ እሰፋልሻለሁ። የልጁን ፀጉር አምጪ።"

እሑድ

አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ከልጁ ማጅራት ትንሽ ፀጉር ቆረጥኩ። በወረቀት ጠቅልዬ ይዤው ተቀመጥኩ። ፀጉር ለሰው አይሰጥም፤ እናቴም ይህንኑ ስትነግረኝ ነው ያደግኩት። አዴ ሻምሲያን አምናቸዋለሁ። አምናቸዋለሁ እላለሁ።

ወስጄ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጉያቸው ውስጥ ሸጎጡት። መንገዱን ሳልሻገር ሁለት ጊዜ ዞሬ አየኋቸው።