ስድስቱ ብሎኖችና የስለቱ ጥላ

አሰበ ተፈሪ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓይኔ ማረፊያ ለአይናዲስ ይልቃል
ናዝሬት

አንቺም፣ ባልሽ ሽፈራውም፣ ትንሿ ሳህሊቱም እንዴት ናችሁ? እኔ ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ከሚያጉረመርም በቀር የጎደለብኝ የለም። ይህን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ፍርድ ቤት በር ላይ ለሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ የቤቴን ጉዳይ አልሰጥም። ፊደሉ ገዝፎ ብታዪው ቀለሙ እየተዘረጋ ነው።

ለጥር ሥላሴ አሰቦት እንሄዳለን ያልኩት እንዳለ ነው። እናትሽ ሙሉወርቅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንቺ ሳህሊቱን ስታምጪ ምጡ ቢጸናብሽ፣ «በደህና ትገላገልልኝ እንጂ ጥላ ይዤ በገዛ መኪናችን ከተራራው ሥር ድረስ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። ጥላውን ገዛችው፣ ሳታደርሰው ቀረች። ይኸው በነጠላዋ ተጠቅልሎ ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል። በአውቶቡስ መላክ ይቻል ነበር። እሷ ግን በመኪናችን ብላለች፤ የእሷን ቃል እኔ አላጥፍም።

ላንድሮቨሯ ግን በኅዳር አዋረደችኝ። ቦርደዴ የክርስትና ልጄን ጠይቄ ስመለስ፣ ሚኤሶ ልደርስ ስል ሜዳው ላይ ሞተሩ እያጓራ እሷ ቆመች። ወርጄ ብዳብስ፣ የኋላ ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ተቆራርጠዋል። ሮንዴላው፣ የብሎኑ ቀለበት፣ ጠፍቶብኝ የበደሳ ሾፌሮች እንደሚያደርጉት የመዳብ ሳንቲም በስቼ ከብሎኑ ራስ ሥር አስገብቼ ነበር። መዳብ ለስላሳ ነው፤ ተጨፈለቀ፣ ብሎኑ ላላ፣ ከዚያ መንገዱ ጨረሰው።

ዓሊዩ የሚባል ግመል ነጂ አጠገቤ ቆሞ ሲስቅብኝ ቆየ።

«ያ አባ! መኪናህ ጩኸት አለው፣ እግር የለውም። ግመልም ይጮኻል፣ ግን ይሄዳል!»

«ወሬህን ትተህ ገመድ አምጣ» አልኩት።

በሁለት ግመል ተጎትቼ ሚኤሶ ገባሁ። ይህን ለሽፈራው አትንገሪው።

አሰበ ተፈሪ በጭነት መኪና ካስጎተትኳት በኋላ፣ ከተቆረጡት የአንዱን ሁለቱንም ስባሪ ለናሙና ይዤ ወደ መስዑድ ብረታ ብረት ሱቅ ሄድኩ። ብሎኑን ሁሉ ጆንያ ላይ ዘረገፈልኝ። እንደ ድሮዬ አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ እየመታሁ አዳመጥኩ፤ ጠንካራው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ለስላሳው ድም ብሎ ይቀራል። ጥርሱን በጥፍሬ ለካሁ። ርዝመቱንም ናሙናው ጎን አስተኝቼ በጣቴ አየሁት፤ የረዘመ ብሎን የጉድጓዱን ሆድ ወግቶ ይቆማል፣ የጠበቀ ይመስልሻል እንጂ ምንም አልያዘም። ሮንዴላ ደግሞ አፉ ተሰንጥቆ የተጣመመውን ዓይነት መረጥኩ፤ ብሎኑ ሊላላ ሲል መልሶ ይገፋዋል።

ስድስት ለይቼ ሰጠሁት። መስዑድ አንዷን መልሶ በሌላ ቀየራት።

«ይቺ ጥርሷ ሌላ ነው፣ አባባ ይልቃል።»

«ሱቅህ ጨለማ ነው» አልኩት።

ደጃፉ ላይ ፀሐይ ላይ ነበር የተቀመጥነው። በሰው ሁሉ ላይ የሚቀልድ ሰውዬ፣ ስድስቱን ጠቅልሎ እጄ ላይ አስጨበጠኝ።

አስሬ ስጨርስ እስከ ወፍጮ ቤቱ ነዳኋት። ኧረ ስትሄድ! ስመለስ ብቻ የጎረቤታችንን የዘርፈሽዋልን አጥር ነካ አደረግሁት። ወደ መንገድ ገፍተሽዋል ብዬ ብናገራት፣ «ጋሽ ይልቃል፣ ይህ አጥር አባቴ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚሁ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ።

ልጄ፣ ያኔ መኪናዋን የገዛን ዓመት ትዝ ይልሻል? ከበደሳ ቡና ጭነን ስንመጣ አንቺ ከጆንያው ላይ እየዘለልሽ፣ እናትሽ ከጎኔ ሆና፣ «ይልቃል፣ ግራ! ጉድጓድ! በሬ!» ስትል። እኔ ደግሞ፣ «እኔ ልንዳ ወይስ አንቺ?» እላት ነበር። «አንተ ንዳ፣ እኔ አያለሁ» ትለኝ ነበር። ጆሮዋማ ምን ይወጣለታል! ትንሽ ሲንኳኳ፣ «ከኋላ በቀኝ ነው፣ አቁም» ትላለች። ወርጄ ስፈትሽ አንዲት ብሎን ላልታ አገኛለሁ። እሷ ካረፈች ወዲህ መንገዱ ጉድጓድ በዛበት። ማዘጋጃ ቤቱ ምን እንደሚሠራ አላውቅም።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ መጥቼ እቀበላችኋለሁ ያልኩትን ተዪው። ከባቡር ስትወርዱ በአውቶቡስ እቤት ድረስ ኑ። ሽፈራው ባለፈው ፋሲካ፣ «አባባ፣ መሪውን ለእኔ ይስጡኝ» ሲለኝ፣ «መሪ ከምለቅ ጢሜን ብላጭ ይሻለኛል» ብዬ ከቤት አስወጥቼው ነበር። ቂም ይዞ እንደሆነ ይተወው። መንጃ ፈቃዱን ይዞ ይምጣ። የመሪው ወንበር ለእሱ ቢሰፋበት ከኋላው ትራስ አደርግለታለሁ። አንቺና ሳህሊቱ ከኋላ ትሆናላችሁ።

እኔ በእናትሽ ወንበር፣ ጥላውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ጉድጓዱን እሱ ይይ። ከኋላ በቀኝ ከተንኳኳ እኔ እሰማለሁ።

የአሰቦት ሥላሴ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ሳህሊቱን ያሳድግልሽ፣ ያስታርቀን፣ እናትሽን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን።

አባትሽ
ይልቃል መኮንን

ጢሜን ግን አልላጭም። ይህን ለሽፈራው ንገሪው።