ጠዋት ጠዋት አንድ

ጥር 8

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «እህቷን በረሃብ ልትጨርሳት ነው» እያለች ታወራብኛለች አሉ። ሐሰት ነው። ምግብ አልከለከልኳትም፤ አልበላም ያለችው እሷ ናት። ሾርባው ሁለቴ ሞቆ ሁለቴ ቀዘቀዘ።

ኪኒኗን ግን አላስቀርም።

«እትዬ፣ አንቺን ያስተማሩሽ ወታደሮች ናቸው እንዴ?» አለች እህቴ።

«ዋጪ።»

ዋጠች።

ጥር 11

ውሃ፣ ውሃ ትላለች። ታስመልሳለች። ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። በአራተኛው ጮህኩባት... ለምን ጮህኩ?

የጠዋት ኪኒኗ፣ ቫይታሚኑ፣ ጠቅሟት ነበር እኮ። በክረምቱ ሐኪሙ ደሟን መርምሮ «ቫይታሚን ዲ አንሷታል፣ አጥንቷ ሳስቷል» ብሎ ለሦስት ወር አዘዘላት። በሁለተኛው ወር ደረጃውን ያለ እኔ ክንድ ወጣች። ከላይ ሆና «ነይ እንጂ፣ አሮጊት!» ብላ ሳቀችብኝ። ኪኒኑ ባለቀ ቁጥር እየገዛሁ፣ ሦስት ወሩ ካለፈም በኋላ ቀጠልኩ። የጠቀመ ነገር ይቋረጣል?

ጥር 13

ሆስፒታል አስተኟት።

«እማማ፣ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለች ወጣቷ ሐኪም።

«የለም።»

«ምንም?»

«ምንም አልኩሽ።»

ቫይታሚን መድኃኒት ነው እንዴ?

ካልሲየም በደሟ በዝቷል፤ ኩላሊቷ እየደከመ ነው። ምክንያቱ አልታወቀም። ካንሰር እንዳይሆን ይፈራሉ። እህቴ እጄን ይዛ «እማዬ» አለችኝ። እናታችን ከሞተች አርባ ዓመት አልፏታል።

ጥር 14

የሌሊት ልብሷን ላወጣ መሳቢያውን ከፈትኩ። ባዶ ካርቶን አልጥልም፤ ዘርግቼ መሳቢያ ውስጥ አነጥፈዋለሁ። ከልብሱ ሥር የኪኒኑ ካርቶን። በላዩ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ጽሑፍ፦ በሳምንት አንድ።

በሳምንት።

የተዝረከረከ ነገር አልወድም። መጀመሪያ የታዘዘላት ሰሞን ኪኒኑን ሁሉ በታጠበ ጠርሙስ ገልብጬ፣ በራሴ እጅ ጽፌ ለጠፍኩበት። የእኔ የብረት ኪኒን፦ ጠዋት ጠዋት አንድ። የእሷም፦ ጠዋት ጠዋት አንድ። ያማረ፣ ከመስመር ያልወጣ ጽሑፍ። ቫይታሚን በየቀኑ ነው ብዬ ካርቶኑን እንኳ አላነበብኩም። እኔ! የሰው ደብዳቤ ሳርም የኖርኩ ሴት።

ሰባት እጥፍ። ከሐምሌ ጀምሮ። አንድም ቀን ሳላስቀር።

ምነው ልብስ ሰፊዋ ያለችው በሆነ...

ሆስፒታል ደወልኩ። «ሐኪሟ ወጥታለች፣ ጠዋት ትገባለች። ምን ልንገራት?» አለችኝ ነርሷ። ስልኩን ዘጋሁት። ፈሪ። ከዚያ የጠርሙሱን ወረቀት በጥፍሬ መላጥ ጀመርኩ። አንዱ ጥግ ተነስቷል። ማንን ላታልል?

መልሼ ደወልኩ። «ቫይታሚን ዲ ነው። በየቀኑ፣ ሰባት እጥፍ። የሰጠኋት እኔ ነኝ። ለሐኪሟ አሁኑኑ ንገሪያት» አልኩ። ነርሷ ያልኩትን ደገመችው። ከዚያ «እማማ፣ ጠርሙሱን ይዘው ይምጡ» አለች።

ነገ አስቀድሜ፦ የራሴን ኪኒን ሳልውጥ መውጣት። ጠርሙሱንና ካርቶኑን መያዝ። ሐኪሟ ሳትገባ በሯ ላይ መቆም፤ «የለም» ያልኳትን በአፌ ማረም። ከዚያ ለእህቴ መንገር፤ ባታውቀኝም መንገር።

ስለተላጠው ጥግ ከጠየቁኝም... እሱንም እኔ ነኝ ማለት።