ለሰርተፍኬቴ የፈሰሰው ደም

ለምወድህና ለተቆጣሁህ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የቆላው ሙቀትስ? ወባው አልነካህም? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማ ደህና ናት፤ ስምህ ሲነሳ ብቻ ታለቅሳለች። አባዬም የተሰበረ እጁን አንጠልጥሎ አለ። ሰላምታዬ በዚህ ይብቃኝ፤ የቀረውን ልቆጣህ ነውና ተቀምጠህ አንብበው። በስልክ እንዳልነግርህ ሲምህን ጥለኸዋል። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሾፌር አንተን ራስህን ባቲ ድረስ የወሰደህ ሰው ነው፤ ስለዚህ አልደረሰኝም ብለህ አታሞኘኝ።

ባለፈው ክረምት ወደ አስራ ሁለተኛ ክፍል ስዛወር ትምህርት ቤታችን ያወጣውን ደንብ ነግሬህ ነበር። ፈተና ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ በክበብ ያልተሳተፈና ለኅብረተሰቡ አገልግሎት ያልሰጠ ተማሪ ሰርተፍኬት አያገኝም ተባለ። አንተ ስትሰማ፣ ስንቅ ቋጥረን ሐይቅ ከተማ የላክንሽ ቆሻሻ እንድትጠርጊ ነው እንዴ ብለህ ሳቅህብኝ። እኔ ቀይ መስቀልና አካባቢ ጥበቃ ክበብ ተመዘገብኩ፤ አጸደም አብራኝ። አጸደን ታውቃታለህ፤ የመሪጌታ ዝናቡ ልጅ፣ ሐይቅ አንድ ክፍል ቤት አብራኝ የተከራየችው፣ ድስታችን ለየብቻ ሆኖ በርበሬያችን አንድ የሆነው። የሐይቁን ዳር ፌስታል ለቀምን። ከዚያ አምባሰል ከእኛ ቤት በላይ ያለው ተራራ ለክበቡ ተሰጠና ችግኝ ተከልን። መትከል ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ ችግኙ እስከ በጋ ካልጸደቀ አገልግሎቱ አይያዝም። ስትስቅብኝ የነበርከው አንተ ራስህ በጀሪካን ውሃ ተሸክመህ ስታጠጣልኝ አይቼሃለሁ። እህቴ ተምራ ትጨርሳለች እያልክ ለአላፊ አግዳሚው ስታወራም ሰምቼሃለሁ። የምናደደው ለዚህ ነው። ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ እረግምህና አርፍ ነበር።

የእትዬ ኡሙሀኒ ልጅ ሀምዳን ከብቶቹን ይዞ ወደተከለለው ቦታ ሲገባ እኔ በሥርዓት ነበር የለመንኩት። አባቴ ሲያግድበት የኖረ ግጦሽ ነው፣ ለእናንተ ሰርተፍኬት ብዬ ከብቶቼን በረሃብ አልፈጅም አለኝ። እሱም እውነት አለው፤ ተራራው ሲከለል ማንም አላማከረውም። አንተ ስትደርስ ግን አፉን አበላሸ። እህትህን እያስተማርክ ለማን ልትድራት ነው አለህ። ከዚያ በኋላ ንግግር የለም፤ መጥረቢያህን ስታነሳ አየሁ። ወንድሜ፣ በአላህ ብዬ ጮህኩ። አልሰማኸኝም፣ ወይም ሰምተህ አልተመለስክም። አንገቱና ትከሻው መሀል ስትመታው የሰማሁት ድምፅ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ነው። ከዚያ ወዲህ ማገዶ ሲፈለጥ ከቤት እወጣለሁ።

ደሙ ፊቴ ላይ ረጨ። አንተ መጥረቢያውን ጥለህ ሮጥክ፤ እኔ ቀረሁ። ክበብ ውስጥ እንደተማርኩት ሻሼን አውልቄ ቁስሉ ውስጥ ጠቀጠቅሁና በሁለት እጄ ተጫንኩት፤ ሰው እንዲደርስልኝ እጮሃለሁ። ሀምዳን ጥርሱን እያፋጨ፣ ወንድምሽን እገድለዋለሁ፣ አባትሽንም እገድለዋለሁ ይለኛል። እሺ ትገድላለህ፣ አሁን ግን አትንቀሳቀስ እለዋለሁ። ሌላ ምን ልበለው?

በቃሬዛ ወደ ሐይቅ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ደሴ ወሰዱት። ጀምበር ሳትጠልቅ ወንድሙ እንድሪስ ዘመዶቹን አስከትሎ ቤታችን ደረሰ። የጭድ ክምሩን አነደዱት። አባዬ ልጄን አልደበቅኩም ብሎ እጁን ሲዘረጋ የዘረጋውን እጅ በዱላ ሰበሩት፤ ከወደቀም በኋላ ረገጡት። እማን በጸጉሯ ጎተቷት። የዳለቻውን በሬ ቋንጃ ቆረጡት፤ ሊነሳ ሲሞክር እየወደቀ፣ ሊነሳ ሲሞክር እየወደቀ ደጁን በደም አጨቀየው፤ ጎረቤት መጥቶ አርዶ ገላገለው። ሲመለሱ ደግሞ ተራራው ላይ ወጥተው የተከልናቸውን ችግኞች አንድ ሳያስቀሩ ነቀሏቸው። አንተ የት ነበርክ? እኔ ባቲ መንገድ ላይ ነበርክ ብዬ ነው የማስበው።

በማግስቱ ደም የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል የሚል መልእክት ከሆስፒታሉ ለክበባችን መጣ። የሀምዳን ዘመዶች ግማሾቹ አንተን ፍለጋ ወጥተዋል፤ የቀሩት ደማቸው ከሱ ጋር አልገጠመም። መምህራችን አስራ ስምንት ዓመት የሞላው ይሂድ፣ ደም የሰጠ አገልግሎቱ ይያዝለታል አለ። ደሙ ለማን እንደሆነ የምናውቀው እኔና አጸደ ብቻ ነበርን፤ ተሳፍረን ሄድን። እንድሪስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሲያየኝ ጉሮሮዬን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ፤ እናቱ እትዬ ኡሙሀኒ ናት በጥፊ መትታ ያስለቀቀችኝ። ልጅሽ እንዳይሞት ነው የመጣሁት አልኳት። ለሱ አዝኜ እንዳይመስልህ፤ አንተ ነፍሰ ገዳይ ሆነህ እንዳትቀር ብዬ ነው። ሀምዳን ደም ተሰጠውና ተረፈ። ቀኝ ክንዱ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። የመቺው እህት ደሟን ሰጥታ አዳነችው የሚለው ወሬ ከኔ ቀድሞ አምባሰል ገባ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሀምዳን ከሆስፒታል እንደወጣ አስታራቂዎቹ አባጋሮች ደሙን ለማድረቅ ሁለቱንም ወገን ዋርካው ሥር ሰበሰቡ። ዱዓ ከተደረገ በኋላ እንድሪስ ተነሳ። ወንድሜ ከእንግዲህ እርፍ አይጨብጥም፤ ወይ መቺው፣ ወይ አባቱ በደሙ ይከፍላል፤ ይህ ካልሆነ ልጅቱ ለሀምዳን ትሰጥና ቤቱን ታቅናለት አለ። ሴት ሰጥቶ ደም ማድረቅ የኖረ ነገር ስለሆነ ማንም አልደነገጠም። አባዬም አልደነገጠም፤ ያ ነው ያንገበገበኝ። የተሰበረ እጁን ሲያይ ቆየና እሺ ሊል አፉን ከፈተ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጫለሁ። ፈተናዬ፣ ትምህርቴ፣ ሰርተፍኬቴ ሁሉ በአባዬ አንድ ቃል ሊያልቅ ነው። እምቢ ብል ደግሞ አባዬን ይገድሉትና በሳምንቱ እንቀብረው ነበር። ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ጠላሁህ። ሳልደብቅ እነግርሃለሁ፣ ጠላሁህ።

እትዬ ኡሙሀኒ መቀነቷን ፈትታ መሀላቸው የጣለችው ያኔ ነው። እናት መቀነቷን ከጣለች ወንዱ ሁሉ ሊሰማት ግድ ነው። አንድ ጡት የጠባ እህትና ወንድም ከሆነ አንድ ደም የተካፈለ ምኑ ነው? የዚህች ልጅ ደም ልጄ ውስጥ ነው፤ ለልጄ እህቱን አላጋባም አለች። ሸኹ ደም እንደ ጡት አይደለም፣ ኪታብ ላይም የለም ብለው ጀመሩ። ትልቁ አባጋር ቀበል አድርገው፣ ኪታቡን ለርስዎ እንተዋለን፣ እኛ የተቀመጥነው ደም ሊደርቅ ነው፤ ወንድም ወንድሙን ቢመታ ቤተሰብ ይኳረፋል እንጂ ደም አይፈላለግም አሉ። እንድሪስ በዱላው መሬቱን ሲቀጠቅጥ ቆይቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በመጨረሻ እጁን ለዱዓ ዘረጋ፤ አሚን ሲል ሰማሁት።

ስለዚህ በሚመጣው ጁምዓ ድንጋይ ተሸክመህ፣ አንገትህን ደፍተህ ሀምዳን ፊት ትቀርባለህ። ወንድሜ ትለዋለህ፤ ያን ስትል እንዳትንተባተብ። ከዚያ ለፖሊስ እጅህን ትሰጣለህ። እስር ቤት ስንቅ አመላልስልሃለሁ፤ መቃብር ግን አልመላለስልህም።

ስትመጣ ስለ ደሙ ምንም እንዳትናገር። አንተ ነገር መደበቅ አታውቅምና ፊትህ እንዳያስታውቅ አስቀድሜ ልንገርህ። ነርሷ ክንዴን ወግታ ጥቂት ቀዳችና መርምራ፣ አንቺ ራስሽ ደም ያንስሻል፣ ምስር ብይ ብላ ጥጥ ለጥፋብኝ አስወጣችኝ። አጸደ አልጋው ላይ ቀረች። እትዬ ኡሙሀኒ በሩ ላይ ጥጡን ስታይ ክንዴ ላይ ተደፍታ ሳመችው። አፌን ልከፍት ስል እንድሪስ ከኋላዋ ቆሟል። አጸደ ቆይታ ወጣች፤ አየችን፤ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበችው። እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

መምህሩ የደሙን አገልግሎት ሊይዝልኝ ሲል የአጸደ ብቻ ይያዝ አልኩት። ትምህርት ቤት ላይ አልዋሽም። የኔ እንደገና ከችግኝ ይጀምራል፤ ሀምዳንም ከብቶቹን በዚያ በኩል እንደማይነዳ ልኮብኛል። ገበያ ላይ ስንገናኝ እኔን እህቴ ብሎ ግንባሬን ይስማል። አጸደ ከጎኔ ቆማ ክንድህ እንዴት ነው ትለዋለች፤ ደህና ነው ብሎ ፊቷን እንኳ ሳያይ ያልፋል።

አላህ መንገድህን ያሳጥርልህ፤ እጅህን ከክፉ ይሰብስብልህ፤ ለእማ ዓይን ያብቃህ። አንብበህ ስትጨርስ ወረቀቱን አቃጥለው።

ያንተም የሀምዳንም እህት