ሁለተኛው ድስት

ውድ ወንድሜ ባንተይርጋ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል ብዬ ቀለም አላባክንም። ትናንት በስልክ ስትጮህብኝ ድምፅህ የደለበ ወይፈን ድምፅ ነበር። የምጽፍልህም በስልክ ሰው ስለማታስጨርስ ነው፤ እዚህ ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

«እታለም፣ መሪየምን በዚህ ወር ከጓሮው ክፍል አስወጪልኝ። አፍርሼ በእማዬ ስም የነዳያን መመገቢያ አዳራሽ አሠራለሁ» ነው ያልኸኝ። ሰማሁህ። ድሃ አስወጥተህ ለድሃ አዳራሽ ልትሠራ ነው። ይህን ስትናገር አፍህ እንኳ አልተደናቀፈም።

መሪየምን ታውቃታለህ ብዬ ላስብ። ባሏ ሞቶባት ልጇን ሪሀናን አዝላ ከጨፋ ሮቢት ስትመጣ፣ ያን ክፍል ያለ ኪራይ የሰጠቻት እማዬ ናት። እማዬ አልጋ ላይ ስትወድቅ እኔ ሱቅ ስውል ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻት፣ ውሃ በማንኪያ ያጠጣቻት መሪየም ናት። አንተ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ለአንድ ደብር ምንጣፍ ታነጥፍ ነበር። ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ስምህ ተጠልፏል አሉ። እግዜር ቆሞ ያንብብልህ።

የእማዬን አርባ እንኳ አላነሣብህም ብዬ ነበር፣ ግን አልሆነልኝም። ከሰንበቴ ገበያ ያስነዳኸው ሰንጋ እውነትም ሰንጋ ነበር። ባነሩንም አይቻለሁ፤ የእማዬ ፎቶ ከታች ጥግ ላይ፣ ያንተ ከላይ በሰፊው። ያን ለት ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ለመንሁህ፦ «ለእስላሞቹ ዓብዱ ፍየል ይረድላቸው። የእማዬ ደንብ ነው።»

ደንቡን አላውቅም አትለኝም። የሚካኤል ዝክር በመጣ ቁጥር እማዬ ሁለት ድስት ነበር የምትጥደው። በአንዱ የክርስቲያን ሥጋ፣ በሁለተኛው ጎረቤታችን ዓብዱ በቢስሚላህ ያረደው። ሁለተኛው ድስት ጭልፋውም ቢላውም ለብቻው ነበር፤ ስንነካካው ጆሯችንን ትቆነጥጠን ነበር። እዚህ ከሚሴ ደጃችን የሚቀመጠው ነዳይ አብዛኛው እስላም ነው። እኛ ያረድነውን አይበላም፣ እኛም እነሱ ያረዱትን አንበላም፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። «ድሃ የሚራበው ከነሃይማኖቱ ነው» ትል ነበር እማዬ። የንስሐ አባቷም ድስቱን እያዩ ነበር ዝክሩን የሚባርኩላት።

አንተ ግን «በእናቴ ተዝካር ቢስሚላህ አይባልም። የራበው ያገኘውን ይብላ» አልኸኝ። ይዘኸው የመጣኸው ሰባኪም ራሱን ነቀነቀልህ። እሱስ እሺ፣ አገሩን አያውቅም። አንተ ምን ነካህ?

ድንኳኑ ሞላ። ቲሸርት ያለበስሃቸው ልጆች ደረቁን እንጀራ እንኳ እንዳይበሉ ወጡን ላዩ ላይ እያፈሰሱ አደሉ። ከደጃችን የማይጠፋው ሽማግሌ ጀይሉ ሳህኑን ጭኑ ላይ ይዞ ሥጋውን ትክ ብሎ አየ። ካሜራ የያዘው ሰውህ «አባባ፣ ለቪዲዮው አንዴ ጎረስ ያድርጉ» አለው።

«ማነው ያረደው?» አለ ጀይሉ።

ሲነግሩት ሳህኑን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና ተነሣ። ሌሎቹም ተከትለውት ተነሡ። አንድም ሰው ክፉ አልተናገረህም። ዓይነ ስውሯ ዓፊያ ባጠገብህ ስታልፍ «ረቢ ሲፍ ሃ ኬኑ» ብላህ ሄደች። አንተ ደሞ ዞር ብለህ «ምን አለች?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ከዓብዱ ልጆች ጋር በኦሮምኛ እየተሳደብህ ያደግህ ሰውዬ! እግዜር ይስጥህ ነው ያለችህ።

«ምስጋና ቢሶች» ብለህ ሥጋውን ለባለሥልጣን ወዳጆችህ ሳሎን አስገባህ። በማግስቱ ጀይሉ ሳህን እንደያዘ ፌስቡክ ላይ ወጣ፣ ከሥሩም ጌታ ስለተራቡት የተናገረውን ጽፈህበታል። ጀይሉ ጦሙን ማደሩን አልጻፍህም። እናቱ የሞተችበትም እናቱ ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳል ይባላል። አንተ ግን የሞተች እናትህን ራሷን ገበያ አወጣሃት። ወንድሜ ነህና አፈርሁብህ፤ ወንድሜ ባትሆን ኖሮ እስቅብህ ነበር።

ከሄድህ በኋላ የሆነውን አልነገርሁህም፣ አልጠየቅኸኝምም። በሳምንቱ ዓብዱ ከበረቱ አንድ ፍየል እየጎተተ መጣ። «አማከለች፣ እናትሽ እቴ ብፅዓት ዕድሜዋን ሙሉ አብልታን፣ ባርባዋ ከነረሃባችን ተበተንን። ይህ ነውር እሷ ላይ እንዳያርፍ ሰደቃ እናውጣላት» አለኝ። መሪየም ሁለተኛውን ድስት ከተሰቀለበት አውርዳ ጣደች። ጀይሉ መጣ፣ ዓፊያ መጣች። በልተው ሲያበቁ እጃቸውን ዘርግተው የእማዬን ስም እየጠሩ ዱዓ አደረጉላት።

እኔ ማድ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ አያቸው ነበር። መሪየም በትንሽ ሳህን ሽሮ ይዛልኝ መጣች። «አንቺ የኛን ሥጋ አትበዪም። ባንቺው ድስት ለብቻ ሠርቼልሻለሁ» አለችኝ። ባርባው ቀን እምቢ ያለኝ እንባ ያኔ መጣ። ሽሮውን እያለቀስሁ በላሁት።

አስወጪልኝ የምትለኝ ይቺን ሴት ነው።

አላስወጣትም። ቤቱ የሁለታችን ውርስ ነው፤ እኔ ሳልፈቅድ አንዲት ቆርቆሮ አትነቅልም፣ እኔም አልፈቅድም። መሪየም እዚያው ትኖራለች፣ ሪሀናም እዚያው ታድጋለች። አዳራሽ ካማረህ አዲስ አበባ ባለህ መሬት ላይ ሥራ፤ ስምህንም እንደ ምንጣፉ ጠርዙ ላይ አስጠልፈው።

ለሙት ዓመቷ ና። እናትህ ናት፣ አልከለክልህም። ሁለት ድስት እጥዳለሁ። ባነር ይዘህ እንዳትመጣ፤ ሰባኪህንም ተወው። ሳሎን አትገባም፣ ደጅ ከጀይሉ ጎን ቦታ እይዝልሃለሁ። እማዬ ነዳይን ከደጇ ጦሙን መልሳ አታውቅም፣ አንተንም አልመልስህም። ሳህኑን የምትሰጥህ መሪየም ናት። በሁለት እጅህ ተቀብለህ እግዜር ይስጥሽ ትላታለህ፤ በኦሮምኛ ከጠፋብህ ዓፊያ ታስጠናሃለች።

ታላቅ እህትህ አማከለች
ከእናትህ ቤት፣ ከሚሴ