በግምትዎ የመነኮሰው ወንድሜ

ለተከበሩ የግል ሆስፒታሉ የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ፣
ጎንደር

ጤናዎ እንደ ነጭ ጋዎንዎ እንከን የለሽ፣ ጉበትዎም ማንም ሳይነካው ንጹሕ ሆኖ እንዲኖር ከልብ እየተመኘሁ፣ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እዚህ ስምዎን ያልጻፍኩት ለይሉኝታ ሲሆን፣ ለሙያ ሥነ ምግባር ጉባኤው ባስገባሁት አቤቱታ ላይ ግን ከነአያትዎ በጥንቃቄ አስፍሬዋለሁ።

በአምባ ጊዮርጊስ የሚያርሰው ታላቅ ወንድሜ አያ በላቸው አምና ጎኑን ታሞ ወደ እርስዎ ባመጣሁት ጊዜ፣ ሆዱን ከላይ በአልትራሳውንድ አይተው ጉበቱ ላይ እብጠት እንዳለ ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው።

፩. በሆስፒታሉ በር ላይ በሰቀሉት ትልቅ ማስታወቂያ መሠረት፣ በአፍ ገብቶ ጨጓራ የሚደርስ፣ ጫፉ ላይ ባለው አልትራሳውንድ ጉበትን ከቅርብ የሚያሳይና በቀጭን መርፌ ናሙና የሚወስድ ቱቦ አለዎት። በዚያ እንዲያዩት ብለምንዎ፣ «ካንሰር ነው፤ ብረት ከነካው ይብስበታል፤ ወስዳችሁ አስታሙት» ብለው አሰናበቱን። ብረት ከነካው ይብሳል የሚለውን ከሰፈራችን ወጌሻም ሰምቼዋለሁ፤ ወጌሻው ግን ማስታወቂያ አልሰቀለም።

፪. አያ በላቸው ቃልዎን አምኖ፣ ሞቱን እንደሚጠብቅ ክርስቲያን የነፍስ አባቱን አስጠርቶ መነኮሰ። ሚስቱ የትነበርሽም ለነፍሱ ይበጃል ብላ እያለቀሰች ፈቀደችለት። ቆቡን ደፍቶ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ካለች ጎጆ ገባ፤ እርስዎ የፈረዱበት ሞት ግን ሳይመጣ ቀረ።

፫. ለሥቃዩ ማስታገሻ ፍለጋ አዲስ አበባ ስወስደው፣ አንዲት ወጣት ሐኪም ያንኑ ዓይነት ቱቦ አስገብታ በጨጓራው በኩል ጉበቱን በመርፌ ወግታ ናሙና ወሰደች። ብረት ነካው፤ አልባሰበትም። በናሙናው የተገኘው ቲቢ ነበር። መድኃኒቱን በአምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ በነጻ ወስዶ ጨርሶ፣ ዛሬ ከእኔም ከእርስዎም የተሻለ ጤና አለው።

እንግዲህ ደስ ይበልዎ፤ ጤነኛው ባል በጎጆው፣ ጤነኛዋ ሚስት በቤቷ አሉ። ምንኩስና በሐኪም ስሕተት እንደማይፈርስ የነፍስ አባቱ አስረድተውናል። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የትነበርሽ እንደ ማንኛዋም ምእመን ባሏን «አባ» ብላ ሰላም ብላው ታልፋለች። ሰሞኑን፣ «ምነው ኪዳነ ማርያም፣ ሞቶብኝ ቢሆን ተዝካሩን አውጥቼ አርፍ ነበር፤ ደኅና ሆኖ በዓይኔ ለሚሄድ ባል ምን ብዬ ላልቅስለት?» አለችኝ።

የጥያቄዋ መልስ ያለው ከእርስዎ ዘንድ ስለሆነ፣ በመጪው እሑድ በአካል ተገኝተው በአጥቢያው ሕዝብ ፊት እንዲመልሱላት በትሕትና እጠይቃለሁ። ባይመችዎት ግድ የለም፤ ይህችን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ሥር እለጥፋታለሁ፤ ሲቀድዱብኝም እንደገና እለጥፋለሁ።

የሙያ ፈቃድዎ ከግድግዳው እስኪወርድ ድረስ ስምዎን በየደጁ ከማንሣት የማልታክት፣ የዘወትር አክባሪዎ፣
ኪዳነ ማርያም፣ የሥነ ሕይወት መምህር

ማሳሰቢያ፦ ሲመጡ የትነበርሽ የመነኩሴ ቆብ ሰፍታ ትጠብቅዎታለች። የራስዎን ልክ ስለማታውቅ በዓይን ግምት የሰፋችው ነው፤ እርስዎ በግምት በተሠራ ነገር ቅር እንደማይሰኙ ነግሬያታለሁ።